ኪስ፣ ወገብ ወይስ የእጅ አንጓ? ለወሎ ዳገት የሚሆን የእርምጃ ቆጣሪ አመራረጥ

ደሴ ፒያሳ ካሉት ሞባይል ቤቶች አንዱ ገብታችሁ "እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት አለ?" ብትሉ፣ ሻጩ አምስት ስድስት ዓይነት ይደረድርላችኋል። ሁሉም እርምጃ ይቆጥራል። ሁሉም የልብ ምት ያሳያል። ሁሉም ካሎሪ ይጽፋል። ልዩነታቸውን ስትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ "ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ያኛው ኮፒ ነው" ይሆናል። እኔ ግን ጥያቄው ከዚያ መጀመር ያለበት አይመስለኝም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃው ሰውነት ላይ የት ይውላል የሚለው ነው። ቀጥሎ፣ ሲሳሳት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይሳሳታል ወይ የሚለው። የማርካው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ውስጣቸው ያለው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አክሰለሮሜትር ይባላል። የፍጥነትን ለውጥ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቺፕ ነው። ስንራመድ ሰውነታችን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቺፑ ያንን ይመዘግባል። ከዚያ ፕሮግራሙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ የሚደጋገም ምት ይፈልግና ሲያገኝ "እርምጃ ነው" ብሎ ይቆጥራል። እግራችሁን አያይም። መሬቱን አያይም። የሚያየው መወዛወዝን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በስህተት እንዳይቆጥሩ የተወሰኑ ተከታታይ እርምጃዎችን እስኪያዩ ድረስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ የምትመላለስ እናት ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ማታ ስታየው ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አጭር አጭር እርምጃዋ ተውጧል።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። 200 እርምጃ በአፋችሁ እየቆጠራችሁ ተራመዱ እንበል። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገማችሁት። አንደኛው ዕቃ 188፣ 187፣ 189 አለ። ሌላኛው 215፣ 180፣ 201 አለ። የሁለተኛው አማካይ 199 ገደማ ስለሆነ ትክክለኛው እሱ ይመስላል። እኔ ብሆን ግን የመጀመሪያውን እገዛለሁ። 6 በመቶ ያጎድላል፤ ግን ሁልጊዜ 6 በመቶ ነው። ካለፈው ሳምንት በዚህ ሳምንት የበለጠ ተንቀሳቅሼ እንደሆነ ይነግረኛል። ሁለተኛው ግን የቁጥሩ ለውጥ ከእኔ ይሁን ከራሱ አይታወቅም።

ስልካችሁ ምናልባት ይበቃችኋል

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኪሳችሁ ያለውን ፈትሹ። ከ2013 ወዲህ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አይፎንም አንድሮይድም እርምጃን ባትሪ ሳይጨርሱ በራሳቸው የሚቆጥሩበት መንገድ አላቸው። ርካሽ ስልኮች ላይ ሌላው ሴንሰር ቢጎድል እንኳ አክሰለሮሜትር አይጠፋም፤ ስልኩን ስታጋድሙት ስክሪኑ የሚዞረው በእሱ ነው።

ስልክ ደግሞ የሚናቅ ለኪ አይደለም። በ2015 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14 ጤነኛ ጎልማሶችን በመሮጫ ማሽን ላይ 500 እና 1,500 እርምጃ አስኬደው ነበር። የስልክ አፖቹ ከእውነተኛው ቁጥር ያላቸው ልዩነት ከ6.7 በመቶ ማነስ እስከ 6.2 በመቶ መብለጥ ነበር። በሰውነት ላይ የሚታሰሩት ዕቃዎች መካከል ግን እስከ 22.7 በመቶ ያጎደለ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ዕቃዎቹም ዛሬ አርጅተዋል። ቢሆንም "ለየት ያለ ዕቃ ካልገዛሁ መለካት አልችልም" ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

የስልክ ችግሩ ሌላ ነው። የሚቆጥረው አብሯችሁ ሲሄድ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ይሰካል፣ ቡና ሲፈላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ እርሻ ላይ ዛፍ ሥር ካለ ኮት ኪስ ውስጥ ይቀራል። ቀሚስ ለምትለብስ ሴት ደግሞ ኪስ የለም። ስለዚህ ስልክ ከቤት ወጥቶ ቢሮ ለሚውል፣ ሱሪ ለሚለብስ፣ ስልኩን ከኪሱ ለማይለይ ሰው ይሆናል። ባትሪ ቆጣቢውን ካበራችሁት አንዳንድ አፖች ከጀርባ መሥራት እንደሚያቆሙም አትርሱ።

የእጅ አንጓ፦ የሚመች ግን የሚሸወድ

ባንድ (በእጅ የሚታሰረው ቀጭኑ ቆጣሪ) እና ስማርት ሰዓት የሚወደዱት ከእጅ ስለማይወልቁ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ያልታሰረ ዕቃ ምንም ቢራቀቅ አይለካም። ትልልቅ ጥናቶችም ወደዚህ አዘንብለዋል። ዩኬ ባዮባንክ በሚባለው የእንግሊዝ የጤና ጥናት ከ2013 እስከ 2015 ከ100,000 በላይ ሰዎች ለ7 ቀን አክሰለሮሜትር ያሰሩት በእጅ አንጓቸው ላይ ነበር።

ግን እጅ እግር አይደለም። የእኛ አገር እጅ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ልብስ በእጅ ሲታጠብ፣ ቅቤ ሲናጥ፣ እህል በሰፌድ ሲነፋ፣ እጅ በእርምጃ ምት ይመላለሳል። መንዙማ ላይ ጭብጨባው ሲሞቅም እንደዚያው። የተቀመጠች ሴት ቡናውን "ጀባ" እስክትል ድረስ ባንዱ ብዙ እርምጃ ሊያስቆጥርላት ይችላል። እስክስታ ሌላ ጉድ ነው። ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይወርዳል፣ እጅ ግን ወገብ ላይ ከተቀመጠ ሰዓቱ ነገሩን በወጉ ላያየው ይችላል።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ የበለጠ ያሳስበኛል። እግር እየሄደ እጅ የቆመበት ጊዜ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለ ገበሬ ከገጠር ገበያ ድረስ እንደዚያው ይሄዳል። ልጅ ያዘለች እናት እጇን ወደኋላ አድርጋ ትይዛለች። ጋሪ የሚገፋ ልጅ፣ ጥላ የያዘ ሰው፣ ጋቢውን ደረቱ ላይ ጨብጦ በደሴ ብርድ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ሁሉም እጃቸው አይወዛወዝም። የእጅ ባንድ የእነዚህን ሰዎች መንገድ ከፊሉን ይበላዋል። ምን ያህሉን እንደሚበላ ደግሞ እንደ ዕለቱ ሸክም ይለያያል። ከላይ አልገዛውም ያልኩት ዕቃ ስህተት እንደዚህ ያለው ነው፦ አንድ ዓይነት ያልሆነው።

እጅ ላይ የምታስሩ ከሆነ በማትሠሩበት እጅ ይሁን። ቀኝ ለሆነ ሰው ግራ ማለት ነው። አፑም ውስጥ የቱ እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ ካለ በትክክል ሙሉት። ዛሬ ግራ፣ ነገ ቀኝ ማድረግ ግን ማወዳደሪያውን ያበላሻል።

ወገብ፦ ያረጀ የሚመስለው

ቀበቶ ላይ የሚሰካው እርምጃ ቆጣሪ እንደ አሮጌ ዕቃ ይታያል። እውነትም አሮጌ ነው። ጃፓኖች በ1965 ለገበያ ሲያወጡት ነው "በቀን 10,000 እርምጃ" የሚለው ቁጥር የተስፋፋው፤ ቁጥሩ ከሕክምና ጥናት ሳይሆን ከዕቃው ስም ነው የመጣው። ቢሆንም ለእርምጃ ብቻ ከሆነ ወገብ ከእጅ ይሻላል። የሰውነት መሐል ስለሆነ ሙቀጫው አይሸውደውም፣ ዱላ መሸከምም አያስተኛውም። ሱሪ ለማይለብሱ እናቶች መቀነት ጥሩ ቦታ ነው፤ ጠበቅ ብሎ ከተሰካ ቀበቶን ይተካል።

ዓይነቱን ግን ለዩ። በስፕሪንግ የሚሠራው ርካሹ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቦርጭ ያለው ሰው ላይ ወደፊት ሲያዘነብል እርምጃ ይጥላል። አክሰለሮሜትር ያለው ዝንባሌው ያን ያህል አይጎዳውም። ሁለቱም ቢሆኑ ቀስ ያለ እርምጃ ላይ ይደክማሉ። በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄድ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ እግሩን የሚጎትት ሰው ወገቡ ብዙ ስለማይነቃነቅ ከፊሉ እርምጃ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቁርጭምጭሚት ነው መፍትሔው። ቀላል ባንድ ከሆነ ማሰሪያው ከደረሰ እግር ላይ ማሰር ይቻላል። ጋሪ ለሚገፋውም ይኸው ይሠራል። የልብ ምቱን እርሱት እንጂ እርምጃው ይስተካከላል።

ዳገቱን የትኛውም አያይም

አሁን ለወሎ ሰው ዋናው ጉዳይ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ደሴ ውስጥ ራሱ ከሰፈር ሰፈር ስትሄዱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። አክሰለሮሜትር ግን ሜዳንና ዳገትን በደንብ አይለይም። አንድ ሺህ እርምጃ አንድ ሺህ እርምጃ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ወደ 64,000 ጁል ሥራ ይሠራል፤ 15 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ወደ ሥራ የሚቀይረው ሩብ ያህሉን ስለሆነ ሰውነቱ የሚያወጣው ወደ 60 ይደርሳል። ይህ ለመራመዱ ከሚወጣው ተጨማሪ ነው። 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን ከተሸከመ 80 ይሆናል። ሴንሰሩ ያንን 20 ኪሎ አያውቀውም። ይባስ ብሎ ሸክም ያለበት ሰው ቀስ ስለሚል፣ ለዕቃው ባዶ እጁን ፈጠን ብሎ ከሚሄደው ያነሰ የሠራ ይመስለዋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግር መሬቱን ጠንከር አድርጎ ስለሚመታ መወዛወዙ ይጨምራል። ሳንባችሁ የሚነግራችሁና ዕቃው የሚነግራችሁ ተገላቢጦሽ ይሆናል።

ለዚህ የተሻለው ምርጫ ባሮሜትር ያለው ሰዓት ነው። የአየር ግፊትን እየለካ ስንት ፎቅ እንደወጣችሁ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሜትር ገደማ እንደ አንድ ፎቅ ይቆጠራል። አየር ሲለዋወጥ ሊሳሳት ይችላል፣ ክረምት ላይ በተለይ። ጂፒኤስም ርቀት ላይ ይረዳል፣ በጠባብ ገደል መካከል ግን ሳተላይት ስለሚጋረድ መስመሩ ይዛባል። ላሊበላ ሄዶ አቡነ ዮሴፍ ተራራን ለመውጣት ለሚያስብ ሰው እንዲህ ያለው ሰዓት ዋጋው ያዋጣዋል። ከቢሮ ቤት ለሚመላለስ ሰው አያዋጣም፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ቀላሉ ባንድ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። መብራት ሁለት ቀን በሚጠፋበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ካሎሪውን ተዉት

ስለ ካሎሪ አጭር ነው የምለው። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 የእጅ ሰዓቶችን በ60 ፈቃደኞች ላይ ሞከሩ። ከ7ቱ 6ቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ሳተ። እነዚህ የታወቁ ማርካዎች ናቸው። "ሰዓቱ 600 አቃጠልክ ብሎኛል" ብሎ ጥብሱን የሚደግም ሰው ምን ላይ እንደተማመነ ይወቅ።

ሱቅ ውስጥ ምን ልሞክር?

አብሽሩ፣ መሣሪያ አያስፈልግም። ሻጩን አስፈቅዱና ዕቃውን አስራችሁ በሩ ላይ ያለውን ሜዳ 200 እርምጃ ሂዱ። በአፋችሁ ቁጠሩ። ድገሙት፣ ሠልሱት። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ከተቀራረቡ ጥሩ ነው። ከዚያ አንድ እጃችሁ ላይ ከባድ ፌስታል ይዛችሁ፣ ባንዱ ባለበት እጅ ማለት ነው፣ ያንኑ ድገሙ። ምን ያህል እንደወረደ ታያላችሁ። ቤት ስትገቡ ደግሞ የባጃጅ ፈተና አለ። ቁጥሩን አይታችሁ ተሳፈሩ፣ ኮብልስቶኑን አልፋችሁ ስትወርዱ እዩት። ሳትራመዱ ብዙ እርምጃ ከጨመረ ለመልካም ዕቃ ምልክት አይደለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ላይ አትቸኩሉ። የአንድ ቀን ቁጥር ስለ ሰው ብዙም አይናገርም። ለአዋቂ ሰው ከ3 እስከ 5 ቀን መለካት ይበቃል ይባላል፤ ተመራማሪዎች ግን 7 ቀን ያስራሉ፣ በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት የታሰረበትን ብቻ እንደ ሙሉ ቀን ይቆጥራሉ። ለእኛ ሳምንቱ ሙሉ ቢሆን ይሻላል። ባቲ ሰኞ ገበያ የምትወጣ ሴት ሰኞዋና ማክሰኞዋ አይገናኙም። ረመዷንና ዐቢይ ጾምም ከሌላው ጊዜ ጋር መወዳደር የለባቸውም። አንድ ሌላ ነገር፣ ዕቃዎቹ ቀኑን የሚቀይሩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ማኅሌት ቆሞ የሚያነጋ ወይም ሐድራ ላይ የሚያመሽ ሰው አንዱ ሌሊት ለሁለት ይከፈልበታል።

ግብ ስታስቀምጡ 10,000ን እንደ ሕግ አትያዙት። በ2019 በአሜሪካ በ16,741 አረጋውያን ሴቶች ላይ በወጣ ጥናት፣ በቀን 4,400 ገደማ እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ያነሰ የሞት መጠን ነበራቸው። በእነሱ ላይ 7,500 አካባቢ ሲደረስ ጥቅሙ መጨመሩን አቁሟል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ደግሞ የሚናገረው በእርምጃ ሳይሆን በደቂቃ ነው፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ። ሜዳ ላይ በደቂቃ 100 እርምጃ ከሄዳችሁ መካከለኛ ላይ ናችሁ። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ተራ የእጅ ሰዓት ይበቃል።

ለጥናት የምትፈልጉት

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና ወይም በስፖርት ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ይህን ክፍል አንብቡ፤ ሌላው ሰው ቢዘለው አይጎዳም። ምርጫችሁ ሦስት ነው፦ መጠይቅ፣ የገበያ ባንድ፣ የጥናት አክሰለሮሜትር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድና ስለ መዝናኛ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። ርካሽ ነው፣ ሸክሙንም ዳገቱንም ሰውየው ራሱ ይነግራችኋል። ግን ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆፈረ በሰዓት አይዝም። የገበያ ባንድ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ግን ኩባንያው አይገልጽም። ሶፍትዌሩ ሲታደስ ስሌቱ ሊቀየር ይችላል፣ በጥናታችሁ መሐል ጭምር። እንደ አክቲግራፍ ያሉት የጥናት ዕቃዎች ጥሬውን መረጃ ይሰጧችኋል፤ ውድ ናቸው።

እዚህ የሚያሳስበኝ የወሰን ቁጥሩ ነው። "መካከለኛ እንቅስቃሴ ከዚህ ይጀምራል" የሚሉት ወሰኖች፣ ለምሳሌ በ1998 የወጣው በደቂቃ 1,952 ካውንት (ዕቃው የሚመዘግበው የመወዛወዝ መጠን እንጂ እርምጃ አይደለም) የሚለው፣ የተገኙት ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ አስኬዶና አስሩጦ ነው። ጎንበስ ብሎ አረም የሚያርም ወይም እርፍ ይዞ በበሬ የሚያርስ ሰው በዚያ ወሰን ሲመዘን "ቀላል እንቅስቃሴ" ሊባል ይችላል። ስለዚህ አርሶ አደር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሴንሰሩን ከመጠይቅ ጋር አጣምሩ። የወገብና የእጅ መረጃን አታደባልቁ። ሁለት ዕቃዎች ስታወዳድሩ ደግሞ ኮሪሌሽን (ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ የሚያሳየውን ልክ) ብቻ አታቅርቡ። አንዱ ሁልጊዜ የሌላውን እጥፍ ቢያሳይም ኮሪሌሽኑ ፍጹም ነው። በ1986 የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ብላንድና አልትማን ያቀረቡትን የልዩነት ግራፍ ጨምሩበት።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ቢሮ የሚውልና ሱሪ የሚለብስ ሰው ስልኩን ይጠቀም፣ ምንም አይግዛ። ቤት ውስጥ የምትውል እናት ባንድ ብትወድ ይሁን፣ ግን ለእርምጃ መቀነት ላይ የሚሰካ አክሰለሮሜትር ይሻላታል። ምርኩዝ የያዙ አባት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ። ተራራ ወጪ ባሮሜትር ያለው ሰዓት። ሯጭ ከሆናችሁ ጂፒኤስ። ሸክም ተሸካሚና አርሶ አደር የሆነ ሰው ግን ምንም ባይገዛ አይቀርበትም፤ የሚሠራውን የሚያይ ዕቃ ገበያ ላይ አላየሁም።

ዕቃ ስትቀይሩም የድሮውን ወዲያው ለልጅ አትስጡት። አዲሱንና አሮጌውን ለአንድ ሳምንት አብራችሁ እሰሩ፣ የየቀኑን ልዩነት ጻፉ። አዲሱ ሁልጊዜ ለምሳሌ 10 በመቶ የሚያበዛ ከሆነ የድሮ ቁጥራችሁን በዚያ አስተካክላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ልዩነቱ አንድ ቀን 2፣ አንድ ቀን 30 በመቶ ከሆነ ግን ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ተመለሱ።